ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ኒያትሮስ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን አጠገብ ካለው የፈረስ እርባታ ጣቢያ ለእረፍት ወራት የቀረበልሽን ሥራ ለመቀበል እንደከበደሽ ጽፈሻል። «እዚያ ፈረስ ማለት ገንዘብና ሰዓት ነው፤ እኔ የእንስሳት ሕክምና የምማረው ለዚህ አይደለም» ያልሽው ሲያመላልሰኝ ሰነበተ። ገንዘቡን በተመለከተ አልከራከርሽም። ከመወሰንሽ በፊት ግን ስለ አንድ ፈረስ የማውቀውን ልንገርሽ።

ኒያትሮስ ይባላል። እዚህ ኦሃዮ ውስጥ በዴላዌር የውድድር ሜዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተቀመጥሽ ስሙ ሳይነሣ አይመሽም። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወለደ ትልቅ ዳማ ፈረስ ነበር፤ አባቱ አልባትሮስ፣ እናቱ ናያግራ ድሪም። ዝርያው ጋሪ እየሳበ የሚሽቀዳደም ነው። አሽከርካሪው ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ ይቀመጣል፤ ፈረሱ መጋለብ አይፈቀድለትም። እንደ ሰጋር በቅሎ የቀኝ ጎን እግሮቹን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ የግራዎቹን አንድ ላይ እያነሣ መስገር አለበት። ስልቱ ተፋልሶበት ወደ ግልቢያ ከገባ፣ አሽከርካሪው ወደ ዳር አውጥቶ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ስግሪያው ሊመልሰው ግዴታ አለበት፤ እስከዚያ ሌሎቹ ያልፉታል። ደሙ የፈላ እንስሳ በዚያ ፍጥነት ራሱን ገዝቶ ሲሰግር ባየሁ ቁጥር፣ ያሠለጠነው ሰው ምን ያህል ማለዳ አብሮት እንደዋለ ይታየኛል።

የኒያትሮስ ሰው ክሊንት ጋልብሬዝ ነበር። የሚያሠለጥነውም የሚያሽከረክረውም እርሱ ሲሆን፣ ካረባችው ከኤልሲ በርገር ጋር የባለቤትነት ድርሻም ነበረው። ፈረሱ በሁለት ዓመቱ 13 ጊዜ ተወዳድሮ 13 ጊዜ አሸነፈ። ገንዘቡ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የ10 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ተተመነለትና ግማሹ ለባለሀብቶች ማኅበር ተሸጠ። አንቺን የሚያስከፋሽ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገና አካሉ ያልጠነከረ እንስሳ እንደ ባንክ አክሲዮን ሲከፋፈል ማየት እኔንም ደስ አይለኝም።

በ1980 በጋ በኒው ዮርኩ የሳራቶጋ ሜዳ ላይ፣ በውድድሩ መካከል፣ ወደ ውስጠኛው አጥር አዘንብሎ ወደቀ። እስከዚያ ቀን ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ቀጥሎ በኒው ጀርሲው የሜዶውላንድስ ሜዳ በተደረገው ማጣሪያ ደግሞ ስልቱ ተፋለሰበትና ተሸነፈ፤ ለፍጻሜው ግን አለፈ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ፈረስ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ፣ ልጓሙን የያዘው ሰው ሌሊቱን እንዴት አድሮ ይሆን? ጋልብሬዝ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት በተመደበለት ፍጻሜ እርሱኑ ይዞ ገባና አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ኒያትሮስን የቀደመው ፈረስ የለም። በጠቅላላው ከ39 ውድድሮች 37ቱን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመትም ኬን ፔስ፣ ሊትል ብራውን ጀግና ሜሴንጀር የሚባሉትን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ።

ሊትል ብራውን ጀግ እኛው ጋ፣ ከኮሎምበስ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ዴላዌር ላይ በየዓመቱ በሴፕቴምበር የሚካሄደው ነው። ሰዉ ከብዙ ቀን በፊት መጥቶ ወንበሩን አጥሩ ላይ በሰንሰለት አስሮ ቦታ ይይዛል። የዙሩ ርዝመት ግማሽ ማይል ብቻ ስለሆነ መታጠፊያው ጠባብ ነው፤ ፈረሶቹ ሁለቴ ዞረው አንዱን ማይል ይጨርሳሉ። አጥሩ ሥር ስትቆሚ መጀመሪያ የምትሰሚው የሰኮናውን ዳና ነው፤ ቀጥሎ የአሽከርካሪዎቹ ጩኸት፣ ቀጥሎ ትንፋሻቸው። ካለፉ በኋላ ከመሬቱ የተነሣው ትቢያ ከንፈርሽ ላይ ይቀራል። አልባትሮስ፣ ያ ታላቅ አባት፣ በ1971 እዚህ ሜዳ ላይ ተሸንፏል። ልጁ ኒያትሮስ በ1980 አሸነፈበት። የኒያትሮስ ልጆች ኒሂሌተር በ1985፣ ባርቤሪ ስፐር በ1986 አከታትለው አሸነፉበት። ዘርን ማጥናት ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይገኛል?

ሰዓቱንም ልንገርሽ፤ ሰዓት መጥላትሽ ይህን ከመስማት አያግድሽም። ኦክቶበር 1 ቀን 1980፣ አንቺ ልትሄጂበት በምታመነቺው በሌክሲንግተን፣ ሬድ ማይል በሚባለው ሜዳ ብቻውን ከሰዓት ጋር ተወዳደረ። ከዚያ በፊት የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ነበር፤ ስቴዲ ስታር በ1971 እዚያው ያስመዘገበው። ኒያትሮስ ማይሉን በ1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ከአንድ አምስተኛ ጨረሰው። በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ ያውም ሳይጋልብ፣ እየሰገረ፣ ጋሪና ሰው እየሳበ። የሰከንድ አምስተኛ ለማሻሻል ዓመታት በሚፈጅበት ስፖርት ሦስት ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ በአንድ ቀን ቀነሰ።

ከዚያ ድንጉላነቱ መጣ። በዚህ ዝርያ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ስለሚፈቀድ አንድ ድንጉላ በዓመት እጅግ ብዙ ባዝራዎችን ሊያስረግዝ ይችላል። ኒሂሌተር ከመጀመሪያዎቹ ልጆቹ አንዱ ነው፤ በ1985 ማይሉን በእውነተኛ ውድድር ከ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በታች በመጨረስ የመጀመሪያው ሆነ፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይም አስገኘ። በኋላ የተወለዱት ግን የመጀመሪያዎቹን ያህል አልወጣላቸውም። እርባታ ጣቢያ ስትገቢ የአባትየውን ሰዓት ከልክ በላይ ያወሩልሻል፤ አንቺ የባዝራዎቹን መዝገብ ግለጪ። ናያግራ ድሪም ምን ነበረች? ከማን ተወለደች? እኔ ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1996 ኒያትሮስ 19 ዓመቱ ነበር። ያን ዓመት በአሜሪካና በካናዳ 20 የውድድር ሜዳዎችን ዞረ። ሊወዳደር አልነበረም የሄደው፤ ሰዉ አይቶት፣ ነክቶት እንዲሄድ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በካንሰር ሞተ።

ቢሾፍቱ ባደግሁበት ሰፈር የጋሪ ፈረስ ሲያነክስ ወይም ሲደክም አስፋልት ዳር ይለቀቅ ነበር። ባለጋሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለማይሠራ ፈረስ የሚሆን ገፈራ ከየት ያመጣል? ጀርባው የቆሰለ ፈረስ መኪና እያለፈው ቆሞ ሲያንቀላፋ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ያረጀ ድንጉላ ለመዳበስ ሰው መሰብሰቡን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ያንን ክብር ለኒያትሮስ የገዛለት ማሸነፉ ነው፤ ይህንንም አልክድሽም። ያላሸነፉት የት ይደርሳሉ የሚለው ጥያቄ ደግሞ የአንቺ የሐኪሟ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው እዚያው እርባታ ጣቢያው ውስጥ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ሥራውን ተቀበዪ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የከበረውን ድንጉላ ሲያሳዩሽ ተመልከቺ፤ ከዚያ መውለድ ያቆሙት ባዝራዎች የት እንዳሉ ጠይቂ። ሰኮናቸውን የሚያየው ማን ነው? ጥርሳቸውስ መቼ ታየ? ያንን መስክ ሊያሳዩሽ ካልፈለጉ ደውዪልኝና መጥቼ እወስድሻለሁ። ካሳዩሽ ደግሞ ያየሽውን ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

እናትሽ በርበሬውንና ሽሮውን አዘጋጅታለች፤ አድራሻሽን ላኪልን።

የሚወድሽ አባትሽ