ለሹፌሮች፣ ለእማማዎችና የበረንዳ መብራት ላበራችሁልን ሁሉ

ውድ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቶቻችን፣

በሃሎዊን፣ ልጆች ልዩ ልዩ ገጸ ባሕርይ መስለው ለብሰው በየበሩ በሚዞሩበት በኦክቶበር 31 ማታ፣ ከረሜላ ሊሰበስቡ የወጡ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። ከተላጠ ጉልበት የከፋ ነገር አልገጠመም። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ማታው እንዲህ በሰላም ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። በ2018 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ1975 እስከ 2016 የነበሩትን 42 የሃሎዊን ማታዎች መርምሮ ነበር። በአሜሪካ በዚያ ማታ እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞቱ አደጋ ከሳምንት በፊትና ከሳምንት በኋላ ካሉት ማታዎች በ43 በመቶ ይበልጣል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች ደግሞ አሥር እጥፍ ነው። በእኛ አካባቢ፣ በሜሪላንድ፣ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው በሀበሻ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ላይ ነው። ሰው ከሥራ የሚመለስበትና ልጅ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት እዚያው ላይ ይገጣጠማል። ስለዚህ ምስጋናችን ከሹፌሮች ይጀምራል።

የኡበር፣ የሊፍትና የታክሲ ሹፌር ወንድሞችና እህቶች፣ ገበያ በሚደራበት ማታ በሰፈር ውስጥ ፍጥነታችሁን በሰዓት ወደ 15 ማይል አውርዳችኋል። በ25 ማይል የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ 55 ጫማ ይጓዛል፤ በ15 ማይል 33 ጫማ። ልዩነቱ ከአንድ መኪና ርዝመት ይበልጣል። ተሳፋሪ ለማውረድ መሐል መንገድ ላይ ከመቆም ይልቅ ጥግ ይዛችሁ፣ በእግረኛ መንገዱ በኩል በር ያስከፈታችሁትንም አይተናል። የቆየ ፕሪየስ የምትነዱ ደግሞ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ መሄዳችሁ ትልቅ ነገር ነው። መኪናው በቀስታ ሲሄድ በኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ድምፁን ልጅ አይሰማውም፤ ቢያንስ እናንተ የልጆቹን ድምፅ ትሰማላችሁ።

ልብሶቹን ላስተካከላችሁ እናቶችና አባቶች፦ የልዕልት ቀሚስና የጠንቋይ ካባ ቁርጭምጭሚት ላይ እንዲቀር ጫፉን አጥፋችሁ መስፋታችሁ ብዙ ውድቀት አስቀርቷል፤ ደረጃ ላይ ልጅን የገዛ ልብሱ ሊጥለው ይችላል። በጭንብል ፋንታ የፊት ቀለም የመረጣችሁ ልጁ ግራና ቀኙን እንዲያይ አድርጋችኋል። ቀለሙን ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ መሞከርም ብልህነት ነው፤ የሚያሳክከው ልጅ ያኔውኑ ይታወቃል። አንጸባራቂውን ፕላስተር ደግሞ ደረት ላይ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የእጅ አንጓ ላይ ለጥፋችኋል። ደረት ላይ ያለ ነጸብራቅ ለሹፌር ምንነቱ የማይለይ ብልጭታ ነው፤ እግርና እጅ ላይ ያለው ግን ሲንቀሳቀስ «ሰው ነው» ያሰኛል። ፕላስተሩ የመኪና መብራት ካላረፈበት አይሠራም፤ ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ልጅ የእጅ ባትሪም የተሰጠው።

የዓይን ቀለም የሚቀይር ኮንታክት ሌንስ ልግዛ ያለችውን ጎረምሳ የከለከላችሁ ወላጆችም ልክ ናችሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ በአሜሪካ ሕገወጥ ነው፤ በልክ ያልተሠራ ሌንስ የዓይንን መስታወት ይቧጥጣል፣ ያመረቅዛል።

እማማዎቻችንን በምን ቃል እናመስግን! ለሆያ ሆዬ ሙልሙል ያደላችሁ እጆች ዘንድሮ ደግሞ ለባትማን ከረሜላ አደሉ። ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን ለቡና ትታችሁ፣ በር ላይ የታሸገ ብቻ መስጠታችሁን ከልብ እናደንቃለን። ቆሎ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃል፤ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ደግሞ አለርጂ ላለበት ልጅ አደገኛ ነው፤ የቤት ምግብ ላይ ምን እንደገባበት የሚናገር ጽሑፍ የለም። በረንዳ ላይ የነበረውን የቡና ምድጃ ከነከሰሉ ወደ ጓሮ ማዞራችሁ፣ ለበዓሉ በተቀረጸው ዱባ ውስጥም ከሻማ ይልቅ በባትሪ የሚበራ መብራት ማድረጋችሁ እንዲሁ፤ የሚንዘረፈፍ ካባ እሳት ለመያዝ ቅጽበት ይበቃዋል።

ዱባቸውን ሰማያዊና አረንጓዴ በተቀላቀለበት ቀለም ቀብተው በር ላይ ያስቀመጡ ቤቶችም ነበሩ። በ2014 በመላ አሜሪካ የተጀመረ ምልክት ነው፤ «ከምግብ ሌላ ስጦታም አለ» ማለት ነው። እርሳሱንና ተለጣፊ ሥዕሉን ከከረሜላው ጋር ሳትቀላቅሉ በተለየ ሳህን ማቅረባችሁ ቁም ነገር ነው፤ አንድ ላይ ከሆነ የኦቾሎኒ ብናኝ ይነካዋል። ትንሿ ቸኮሌት ከትልቋ የተለየ ነገር ሊኖራት እንደሚችል አውቃችሁ እያንዳንዱን መጠቅለያ ያነበባችሁ፣ ዓይናችሁ ይባረክ።

ኤፒፔን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋ የመድኃኒት መርፌ) ይዘው ልጆቹን የተከተሉ ነርሶቻችን ሳይጠቀሙበት መመለሳቸው ደስ ብሎናል። አሠራሩን ላልሰማችሁ፦ ሰማያዊውን ክዳን ነቅሎ ብርቱካናማውን ጫፍ በጭን ውጨኛ ጎን መሐል ላይ አጥብቆ መጫን፣ 3 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ 911 መደወል። ልጁ ይጋደም እንጂ አይቁም። በልብስ ላይም ይወጋል፤ ጡንቻ እንዲመስል ስፖንጅ የተሞላ ሱሪ ከሆነ ግን መርፌው ሥጋ ላይ ላይደርስ ይችላል። የልጃቸውን የሱሪ ስፖንጅ ጭኑ ላይ ቆርጠው ያወጡ ወላጆች ይህን አስቀድመው አስበዋል።

ስለ ተመረዘ ከረሜላ የተጨነቃችሁም ነበራችሁ። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ከ1958 ወዲህ ያሉትን ዜናዎች መርምረው፣ የማያውቀው ሰው በዘፈቀደ ባደለው የሃሎዊን ከረሜላ የተገደለ ልጅ ማረጋገጫ አላገኙም። በ1974 በቴክሳስ የሞተውን ሕፃን ሳያናይድ ያበላው የገዛ አባቱ ነበር። የተቀደደ መጠቅለያ መጣል ይበቃል፤ የተረፈው ጭንቀት ለመንገዱ ይሁን።

በዓሉን በእምነታችሁ ምክንያት የማታከብሩ ጎረቤቶች ከረሜላ እንደማትሰጡ ለማሳየት የበረንዳ መብራታችሁን አጥፍታችሁ ስታበቁ ወጥታችሁ መስቀለኛው መንገድ ላይ ልጆች አሻግራችኋል። ስለ ሃሎዊን ያለን ክርክር ይቀጥላል፤ ምስጋናችን ግን ሙሉ ነው።

ያልተሳካልን አለ። ትልልቆቹ ልጆች ከአንዱ በር ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ መሐል መንገድ ላይ ዚግዛግ ሠርተዋል፤ ለከርሞ አንዱን ወገን ጨርሰው ጥግ ላይ እንዲሻገሩ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ትልቅ ሰው እንመድባለን። እራት ሳይበሉ የወጡት ደግሞ ከረሜላውን ሳይመረመር መንገድ ላይ ፈጅተውታል።

በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሰዓት ወደኋላ ስለሚመለስ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጨልመው ከ11 ሰዓት በኋላ ወዲያው ነው። አንጸባራቂውን ፕላስተር አትጣሉት፤ ከቀሚሱ ነቅላችሁ የትምህርት ቤት ቦርሳው ላይ ለጥፉት። ለሰጣችሁን የእጅ ባትሪዎችም ምስጋናችን ይድረሳችሁ፤ ድንጋዩን አውጥተን አስቀምጠናቸዋል።

የሰፈሩ ወላጆች አስተባባሪዎች