የወንድሜን ነገር ላማክርሽ

ጅማ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ስሜን ስታዪ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች» ማለትሽ አይቀርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነውና ይቅር በይኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። አሁን ያስጨነቀኝ የታናሽ ወንድሜ ነገር ነው።

ጫት እንደሚቅም ታውቂያለሽ። በከተማችን እየቃመ ሥራውንም ቤቱንም በወግ የሚመራ ስንት ሰው ስላለ፣ ለረጅም ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። የእሱ ግን ቀን በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ጨብሲ ሆነ፤ ጫቱን ያጣ ዕለት ደግሞ ሌሊቱን ዱካክ ሲያስጮኸው ያድራል። ባለፈው ሳምንት በምርቃና በደብተር ጀርባ ያሰፈረውን የቡና ንግድ ዕቅድ አገኘሁ። የኪሎው ዋጋ፣ የመኪናው ኪራይ፣ ትርፉ ሁሉ ተደምሯል፣ ድምሩም ልክ ነው፤ መነሻ ገንዘቡ ግን የእናቴ ቤት የሚሸጥበት ዋጋ ነው።

ለእናቴ ሳነብላት ጀበናውን እንደያዘች ዕንባዋ ወረደ። እሱም ትክ ብሎ አያትና «ምን ያስቆጣሻል?» አላት። ያሾፈ እንዳይመስልሽ፤ ሐዘኗን ከልቡ ቁጣ መስሎት ነው። ያ ልጅ እኮ ገና ከበር ስንገባ ፊታችንን አይቶ ፈተና መውደቃችንን የሚያውቅ ነበር!

ያኔ የነገርሽኝ፣ እነ ቤቻራ የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የካርድ ሙከራ ትዝ አለኝ። ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ ሰዎች፣ ለጊዜው ብዙ አትርፎ በመጨረሻ ከሚያከስራቸው የካርድ ክምር መራቅ እንዳቃታቸው፣ ከሱሰኞችም ብዙዎቹ ኋላ በተደረገ ጥናት እንደዚያው መጫወታቸውን ስትነግሪኝ፣ «ብልህ ሰው እንዲህ አይሆንም» ብዬ ተከራክሬሽ ነበር። ወንድሜን ሳየው መደመር አልጠፋበትም፤ የጠፋበት የነገን ኪሳራ ከዛሬ ደስታ ጋር መመዘን ነው። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚሉት አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚዳከም፣ ሐራራው ሲነሳበት ትኩሱን ፍለጋ ለቅሶ ቤት እንኳ ጥሎ ይወጣል፤ ሐዘንተኞቹ መቀየማቸውን ስነግረውም ይገረማል።

እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም፤ ይህን ያመጣው ጫቱ ነው፣ መጠጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይስ ሌላ ሕመም? ቢተወውስ የሰው ፊት ማንበቡ ይመለስለታል? አንቺ በሙያሽ በየቀኑ የምታዪው ነገር ነውና እባክሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ።

እሑድ ስለ ቤቱ ሊያነጋግረን ይመጣል። እንዳላስደነግጠው ከምን ልጀምር? ከዚያ በፊት ጻፊልኝ። የቤቱን ካርታ እኔ ጋ ደብቄዋለሁ፤ ለእናቴም አልነገርኳትም።