ከእግር የተቆረጠው ሥጋ የት ይገባል?

ይድረስ ለጤና ዓምድ አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ቆዳ ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁት። ጥላ ፈልጉ፣ ባርኔጣ አድርጉ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ ይላል። ለአልቢኖ ወገኖቻችን ይህ ምክር የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለእነርሱ ሲባል ደጋግማችሁ ብታትሙት አይበዛም። ለቀረነው ግን አደጋው ያለበትን ቦታ ሳይነካ አልፏል። እኔ የምሠራው በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ነው። በቀዶ ሕክምና የወጣ ሥጋ ተቀብሎ፣ በሰም አጠንክሮ፣ ስስ አድርጎ ከርክሞ ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት የዕለት እንጀራዬ ነው። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው ከፊት ወይም ከክንድ ሳይሆን ከውስጥ እግር፣ ከተረከዝና ከአውራ ጣት ጥፍር ሥር ነው።

እንዲህ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው ሜላኖማ አክራል ሜላኖማ ይባላል። ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሴሎች ይነሣል። ነጮችን በብዛት የሚያጠቃው ዓይነት ከፀሐይ ጨረር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቁረታችን ከእርሱ በእጅጉ ይጋርደናል። ውስጥ እግራችንን ግን ፀሐይ መች አይቶት ያውቃል? አክራል ሜላኖማ ፀሐይን አይጠብቅም። በዓለም ከሚመዘገበው ሜላኖማ ሁሉ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ዋነኛው እርሱ ነው። «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ይህን ያህል የሚጎዳንም ግማሹ እውነት ስለሆነ ይመስለኛል።

በ1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ 60ኛ የልደት በዓሉን ያከበርንለት ቦብ ማርሊ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ቁስል በኳስ ጨዋታ የደረሰ ጉዳት መስሎ ነበር። ሜላኖማ መሆኑ ሲታወቅ ጣቱ እንዲቆረጥ የቀረበለትን ምክር በእምነቱ ምክንያት አልተቀበለም፤ ጥፍሩና በዙሪያው ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ቆዳ ተተካለት። ካንሰሩ ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ተሰራጭቶ በግንቦት 1973 ዓ.ም. በማያሚ ዐረፈ፤ ዕድሜው 36 ነበር። ዘፈኖቹን በቃላቸው የሚወጡ ወጣቶች ስለዚህ ጣት ሲነገራቸው ይደነግጣሉ።

ምን እንደሚታይ ልናገር። በውስጥ እግር ላይ ቀስ እያለ የሚሰፋ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነ፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ያልሆነ ጥቁር ወይም ቡናማ ምልክት፤ መጅ ነው፣ ኪንታሮት ነው እየተባለ በቅባትና በምላጭ ወራት የታገሉት እብጠት፤ እሾህ ወጋኝ ከተባለ በኋላ አልድን ያለ ቁስል። በጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርድ ጠቆር ያለ መስመር ያላችሁ ግን በከንቱ አትደንግጡ፤ በጥቁር ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፣ ከዕድሜ ጋርም እየበዛ ይሄዳል። በአንድ ጣት ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ይልቁንም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ከዘለቀ ሐኪም ይየው። ይህን ምልክት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃቺንሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። አንዳንዱ ሜላኖማ ደግሞ ከነጭራሹ አይጠቁርም፤ ቀይ ሥጋ መስሎ፣ የስኳር ሕመም ቁስል እየተባለ ለወራት ይታጠባል። ከእሳት ቃጠሎ በኋላ ለዓመታት ሳይሽር የከረመ ቁስልም ወደ ሌላ ዓይነት ክፉ የቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ውዱእ የሚያደርግ ሰው በየቀኑ እግሩን ያጥባል፤ በገጠር ማታ ማታ ልጆች የአባታቸውን እግር ያጥባሉ። የቀረው ገልብጦ ማየት ነው።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። በየክሊኒኩ ከእግር የሚቆረጠው፣ የሚፋቀውና በኤሌክትሪክ የሚቃጠለው ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ አይደርስም። ብዙው ባልዲ ውስጥ ይገባል። ታካሚው ከርሞ፣ ካንሰሩ ከእግሩ ወደ ላይ ተሰራጭቶ፣ ብሽሽቱ አብጦ ይመጣል፤ ከብሽሽቱ የተወሰደው ናሙና ሜላኖማ ሆኖ ሲገኝ «ከዚህ በፊት ምን ነበረብህ?» ይባላል። «ምንም፤ እግሬ ላይ አንዲት ኪንታሮት አስቆርጬ ነበር እንጂ።»

የሚደርሰውም ቢሆን አመጣጡ ያስተዛዝባል። አስታማሚ በፌስታል አንጠልጥሎ ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ያመጣዋል። አንዴ ከተረከዝ የወጣ ሥጋ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተልኮልን ነበር። ሲከቱት ለስላሳ ስለነበር በጠባቡ አፍ ገብቷል፤ ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ካጠነከረው በኋላ ግን አልወጣ ብሎ ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድነው። በማዘዣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ቁስል፣ እግር» ብቻ ነው። የቀኝ ይሁን የግራ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የጻፈ የለም።

ናሙናው ወደ እኛ መምጣቱ የበሽታውን ስም ለማወቅ ብቻ አይደለም። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ካንሰሩ ወደ ቆዳው ምን ያህል እንደጠለቀ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሚሊሜትር ይለካል። አሜሪካዊው ሐኪም ብሬስሎው እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው ይህ ልኬት እስከ ዛሬ ዋና መመዘኛ ነው፤ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አብዛኛው ታካሚ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል፣ ከ4 ሲያልፍ ተስፋው በእጅጉ ይመነምናል። ቀዶ ሐኪሙ ከዙሪያው 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ የሚያነሣውም ይህን አይቶ ነው። ተፍቆ ወይም ተቃጥሎ ከመጣ ሥጋ ላይ ምን ይለካል? «ካንሰር ስለት ከነካው ይባባሳል» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ በግማሽ ተቆርጦ የቀረውን ነገር ስለቱ ላይ ማላከክ ነው።

የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያነሣሡ አዳዲስ መድኃኒቶች መምጣታቸው እውነት ነው፤ የሥራው ጀማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በአክራል ሜላኖማ ላይ ግን ከሌላው ይልቅ ደከም ይላሉ፣ ዋጋቸውም በእኛ አገር የስንቱ አቅም እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ስለዚህ ነው ባልዲው የሚያንገበግበኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ታካሚ ለቀዶ ሕክምና ሲከፍል የፓቶሎጂው ሒሳብ አብሮ ይታሰብለት። አሁን የሚሆነው፣ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ብልቃጡን አስጨብጦ «ይህን ደግሞ ወስደህ አስመርምር» ማለት ነው፤ ብዙው ቤቱ ይገባል። እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የባሕር ዳርቻውን ፎቶግራፍ ትታችሁ የውስጥ እግር ፎቶግራፍ አውጡልን። ለክሊኒኮች ደግሞ፦ አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ፣ ከሥጋው 10 እጥፍ የሚሆን ፎርማሊን፣ በወረቀቱ ላይም ቀኝ ወይስ ግራ።

አንድ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ