አዲስ ሰንሰለት አልልክልህም

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? «ሞተር መጋዙ አልቆርጥ አለ፣ አዲስ ሰንሰለት ላክልኝ» ብለሃል። አልልክልህም። ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ግንዱ ሥር የተከመረው ሰጋቱራ እንደ ሽሮ ደቋል። ስለታም ሰንሰለት ደህና ፍቅፋቂ ነው የሚያወጣው። ሰንሰለትህ ደነዘዘ እንጂ አላለቀም። እሱን ተጭነህ ላስቆርጥ ስትል ባሩም (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) ሞተሩም ይግላል፣ አንተም ትደክማለህ፣ የደከመ ሰው ደግሞ ሞተር መጋዝ ባይዝ ይሻላል።

ምን እንዳደነዘዘው ይገባኛል። ባሕር ዛፉ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ብለህ ዝቅ አድርገህ ትቆርጠዋለህ። ልክ ነህ፣ ግን እዚያ ታች አፈርና ጠጠር አለ፣ አንዴ ጠጠር ከነካ ስለቱ ወዲያው ይሄዳል። መጀመሪያ ዙሪያውን በዶማ ጥረግ፣ የታችኛውን ቅርፊት በመጥረቢያ ላጥ አድርገው። መንገድ ዳር ያሉትማ ቅርፊታቸው አቧራ ብቻ ነው።

ስለቱን ወደሚመልሰው ሞረድ ልምጣ። ባሩን አጥብቆ የሚይዝልህ ሞርሳ ከሌለህ ጉቶ ላይ በመጋዙ ስንጥቅ አውጣ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ከዚያ ባሩን ስንጥቁ ውስጥ ሰካው። ጓንት አድርግ። የሚያስፈልግህ ክብ ሞረድ ነው፣ ውፍረቱም እንደ ሰንሰለቱ ይለያያል፦ ለትንንሾቹ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኞቹ 4.8፣ ለትልልቆቹ 5.2 ወይም 5.5። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልህ እንዳትሰማው። ብዙ ሰንሰለት ላይ የጥርሱ ጀርባ ላይ ሰያፍ መስመር ተቀርጿል፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ነው፣ እሱን ተከተል። ሞረዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፋ፣ ስትመልስ አንሳው። ካጠረው ጥርስ ጀምርና ሌሎቹን ከእሱ ጋር አስተካክል፣ አንዱን ወገን ስትጨርስ ዞረህ ወደ ሌላው። የአንዱ ወገን ጥርስ ረዝሞ ከቀረ መጋዙ እየጠመመ ነው የሚቆርጥልህ።

ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ብዙ ሰው ይረሳታል። ጥርሱ እየተሞረደ ሲያጥር እሷም በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ማለት አለባት፣ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ፣ ያውም በመለኪያዋ። «ቶሎ ይቁረጥልኝ» ብለህ አብዝተህ ካወረድካት መጋዙ ይነክስና የባሩ ጫፍ ወደ ፊትህ ይመለሳል። በዚህ ቀልድ የለም።

ሌላው ቀላል ነው። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትጨምር፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢያደርገውም። የአየር ፊልትሮውን አራግፍ፣ የባሩን ቦይና የዘይት ቀዳዳውን ጥረግ፣ ባሩንም አልፎ አልፎ ገልብጠው፣ ያለዚያ በአንድ ጎን ይበላል። ሲግል ያጠበቅከውን ሰንሰለት ሥራ ስትጨርስ አላላው፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ማሽንህ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን የምትደባልቀው 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፣ በዓይን ግምት አይሆንም።

መቼ ልሞርድ ካልከኝ፣ ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ለየጥርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ። እስኪደነዝዝ የሚጠብቅ ሰው ግማሽ ቀኑን ሞረድ ላይ ያሳልፋል።

ባሩ ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ቁጥር ተጽፏል። አንብበህ ቴክስት አድርግልኝ፣ ልኩን ሞረድ መርካቶ ፈልጌ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ።

አባትህ