የሥነ ሕይወት ክበብ ዘገባ፦ የዓሣ ዕድሜ የቆጠርንበት ዓመት

የዘንድሮ ሥራችን በአንድ ጥያቄ ተጀመረ። በመጀመሪያው ስብሰባችን አንድ ተማሪ እጁን አወጣና "ዓሣ ያረጃል እንዴ?" አለ። መልሱን ስንፈልግ ራፍአይ ሮክፊሽ የሚባል ዓሣ አገኘን። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከእሱ አልተላቀቅንም።

ይህ ቀላ ያለ ዓሣ የሚኖረው በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከጃፓን እስከ ካሊፎርኒያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 450 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከባሕሩ ወለል ብዙም ሳይርቅ ይውላል። ስሙን (ራፍአይ በእንግሊዝኛ "ሻካራ ዓይን" ማለት ነው) ያገኘው ከዓይኑ ሥር ከተደረደሩት ትናንሽ እሾሆች ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ሲባል የኖረውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁለት ከፍለውታል። ዕድሜው ግን ጉድ ነው! 205 ዓመት የተቆጠረለት አለ።

"ማን ቆጠረለት?" አሉ ልጆቹ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓሣ ጭንቅላቱ ውስጥ ለመስማትና ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚረዱት ጠጣር የጆሮ ድንጋዮች አሉት። እነሱም እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ይጨምራሉ። ባለሙያዎች ድንጋዩን ለሁለት ሰብረው በእሳት ለብለብ ያደርጉታል። ያኔ ቀለበቶቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ።

ሮክፊሽ ከየት እናምጣ? የሌላ ዓሣ ጭንቅላት ከፈትን። በወረንጦ የወጣው ድንጋይ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ነጭ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለን ፈገፈግነው። አንዱን ድንጋይ ሰብረን አበላሽተናል። ሌላውን በማይክሮስኮፕ ስናየው አንዷ ተማሪ 4 ቀለበት ቆጠረች፣ ጓደኛዋ 6። ክርክሩ ጦፈ። በሙያው ያሉትም አንዱን ድንጋይ ለሁለት ሰው እንደሚያስነብቡ ስነግራቸው ደስ አላቸው።

ሁለተኛው ሙከራ በስሪንጅና በትንሽ ፊኛ ነበር። ፊኛዋን ስሪንጁ ውስጥ ከትተን፣ የስሪንጁን አፍ በጣት ደፍነን ማንሻውን ስንስበው ግፊቱ ቀነሰና ውስጡ ያለችው ፊኛ አበጠች። ባሕር ውስጥ 300 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት እኛ ዘንድ ካለው 30 እጥፍ ገደማ ነው። ሮክፊሽ ከዚያ ሲጎተት የአየር ከረጢቱ እንደ ፊኛዋ ያብጣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጨጓራው በአፉ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ባሕር ቢመልሱትም ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው በ20 ዓመቷ አካባቢ ነው። እንደ ብዙ ዓሦች እንቁላል ጥላ አትሄድም፤ ሆዷ ውስጥ አስፈልፍላ ሕይወት ያላቸው እጮች ትወልዳለች። ከእነሱ ጥቂቱ ብቻ ነው ለወግ ለማዕረግ የሚበቃው። ክፉ ዓመት ቢመጣ እናትየው የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። ረጅም ዕድሜዋ የሚጠቅማት ለዚህ ነው። አሮጊቶቹ በመረብ ካለቁ ግን የሚጠብቅ አይኖርም።

ድንጋያችንን በትንሽ ሣጥን አስቀምጠነዋል። ክዳኑ ላይ 4ም 6ም ተጽፏል። ሁለቱ ልጆች አሁንም አልተስማሙም።