ሆድህን ሳትስብ ተለካ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእሁዱ ወሬህ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። «እማ፣ እህቴ በ10 ኪሎ ትበልጠኛለች፤ ስኳርህ አፋፍ ላይ ነው የተባልኩት ግን እኔ! ይሄ ምን የሚሉት ነው?» አልክ። እህትህ ሳቀች። ኔትወርኩም ተቆረጠ።

እኔ ከሚዛን ይልቅ ሜትሬን ነው የማምነው። 30 ዓመት ልብስ ስሰፋ ያየሁትን ልንገርህ። ወንድ ሲወፍር ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆለፍ ይላል፤ ዳሌው ላይ ጨርቁ ይተርፋል። ወጣት ሴት ስትወፍር ግን ቀሚሷ መጀመሪያ የሚይዛት ዳሌዋ ላይ ነው። ለካ ይሄን የፈረንሳይ ሐኪም ጽፎታል። ዣን ቫግ ይባላል፣ የማርሴይ ሰው ነው። በ1947 እንደ ፈረንጆቹ የወንድና የሴት ውፍረት ቅርጹ እንደሚለያይ ጻፈ፤ ኋላ ደግሞ ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጠው የሆዱ መሆኑን አሳየ። ያጫወተችኝ ነርስ ደንበኛዬ ናት፣ ቀሚሷን ስለካላት።

የጭንና የዳሌ ስብ ከቆዳ ሥር ነው፤ እንደ ጎተራ እህል ተቀምጦ ይቆያል። ቦርጭ ግን ወደ ውስጥም ይገባል፣ አንጀት መሐል። ከዚያ የሚወጣው ስብ በደም ሥር በቀጥታ ጉበት ላይ ይራገፋል። ጉበት በስብ ሲጨናነቅ ኢንሱሊንን፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ አልሰማም ይላል፣ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። እህትህን ኤስትሮጅን የሚሉት ሆርሞን ስቡን ወደ ዳሌዋ እየመራ ይከላከልላታል። ለዚህ ነው ወንድ በትንሽ ውፍረት ስኳር የሚይዘው። አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ ነው የምትውለው።

እሷም ብዙ አትሳቅ። የወር አበባ ሲቆም ያ ከለላ ይሄዳል (ይሄ ለወንድ ልጅ ይወራል ወይ አትበለኝ)። እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ የቀሚሴን ወገብ ሁለት ጊዜ አስፍቻለሁ፤ ዳሌው ንክች አላለም። ደግሞም ስኳር አንዴ ከያዘ የሴቷን ልብ ከወንዱ ይብስ ይጎዳል ይላሉ። እህትህ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ስኳር ታይቶባት ነበር፣ ታስታውሳለህ? ስትወልድ ጠፋ ብላ ተመልሳ አልተመረመረችም። እንዲህ ያለችው እናት ቆይቶ የመያዝ ዕድሏ ሰፊ ነው። እኔን ብትሰማኝ አንድ ነገር፤ አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማለች።

አሁን ሜትር ፈልግ። የሱሪህን ቁጥር እንዳትነግረኝ። አባትህ «20 ዓመት ሙሉ 34 ነኝ» እያለ ይኮራል፣ ቀበቶውን የሚያስረው ግን ከቦርጩ ሥር ነው! የጎንህ የመጨረሻው አጥንትና የዳሌህ አጥንት መሐል ላይ፣ ሸሚዝህን አውልቀህ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ ለካ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሲያልፍ ተጠንቀቁ ይላል። የእኔ 91 ነው። አልደበቅኩህም።

ለፋሲካ ሱሪ ልሰፋልህ ጨርቁን ገዝቻለሁ። ቁጥሩን ላክልኝ። ሆድህን ስበህ ከለካህ ሲጠብህ አውቅብሃለሁ።

እናትህ