ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ፦ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ስለሚቆየው የመኪና ጭስ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ጠዋት በዋናው በር ላይ የመኪና ሞተር ማጥፋትን ይመለከታል

እንደምታውቁት የትምህርት ቤታችን ዋና በር የሚከፈተው ግራና ቀኙ በፎቅ ወደተከበበ ጠባብ መንገድ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ወልውለው ጨርቁን ቢሮዬ ድረስ ይዘው መጡ፤ መስኮቱ ከሁለት ቀን በፊት የተጸዳ ቢሆንም ጨርቁ የድስት ቂጥ የተጠረገበት ይመስል ነበር። በግቢው በኩል ያለው መስኮት ሲወለወል ግን የወጣው ተራ አቧራ ነው።

በሁለት ረድፍ ፎቆች መካከል ያለ መንገድ እንደ ቦይ ነው፤ ነፋሱ በአብዛኛው በጣሪያዎቹ ላይ ያልፋል፣ ወደ ታች የወረደውም እዚያው እየተሽከረከረ ጭሱን መልሶ ወደ አንደኛው ግድግዳ ይገፋዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ መሬት ለመሬት የተኛውን ቀዝቃዛ አየር ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ይከድነዋል፤ ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ፣ ማለትም ልጆቻችን ወደ ግቢ በሚገቡበት ሰዓት፣ ጭሱ መውጫ አያገኝም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተርም ነዳጁን በወጉ ሳያቃጥል ይተፋዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ዓይን የማያየው ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡ ብናኞች አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀራቸው ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፤ አስም ይቀሰቅሳሉ፣ ልብንና የደም ሥርንም ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ብናኞች ያስቀመጠው ዓመታዊ አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሕፃን ለክብደቱ ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል፤ ቁመቱም ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው።

ስለዚህ ከሰኞ ኅዳር 8 ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ክፍል ልጆች በጓሮው በር ይገባሉ። በዋናው በር የሚያወርዱ ወላጆችና የሰርቪስ ሹፌሮች እንደቆሙ ሞተር እንዲያጠፉ በአክብሮት እንጠይቃለን። «ካጠፋሁት አይነሳልኝም» ያሉኝ አባት አሉ፤ እንዲያ ከሆነ መኪናው የሚያስፈልገው ጋራዥ ነው።

ኅዳር 12 ዘንድሮ ዓርብ ይውላል። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቆየ ልማድ በመሆኑ ለመንቀፍ አልተነሳንም፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ፌስታል አልነበረም፣ ዛሬ ከቆሻሻው ጋር የሚነደው ግን ፌስታልና ጎማ ጭምር ነው። በትምህርት ቤቱ ዙሪያ የምትኖሩ እነዚህን ከማቃጠል እንድትታቀቡልን እንለምናለን። በዕለቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ አስም ያለባቸው ልጆችም በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን ስማቸው ተጽፎበት ለክፍል ኃላፊ መምህራቸው ያስረክቡ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር